አንድ ቢት ለመቀየር አምስት መንገድ፦ በኤምቤድድ ሲ የትኛውን መቼ እንምረጥ?

ይህን መስመር እንመልከት፦

ፖርትቢ |= (1 << 5);

ፖርትቢ ሬጅስተር ነው፤ ቢቶቹ የቺፑን ፒኖች የሚቆጣጠሩ ትንሽ የማስታወሻ ቦታ ማለት ነው። መስመሩ አርዱዊኖ ኡኖ ላይ 13 ቁጥር ፒን ላይ ያለችውን ኤልኢዲ ያበራል፤ እንከን አይወጣለትም። ያንኑ ቅርጽ የአርዱዊኖ ሜጋ ፖርትኤል ላይ ብትጽፉት ግን ኢንተረፕት (ፕሮግራሙን መሃል አቋርጦ የሚገባ የሃርድዌር ጥሪ) ባለበት ፕሮግራም ውስጥ አልፎ አልፎ ሌላ ፒን ላይ የተሠራውን ሥራ ያፈርሳል። ኤስቲኤም32ኤፍ103 በሚባለው ቺፕ ላይ፣ የውጭ ኢንተረፕት ምልክቶች በሚመዘገቡበት ሬጅስተር ላይ ብትጽፉት ደግሞ ገና ያላስተናገዳችኋቸውን ምልክቶች ጭምር ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ኦፕሬተሩ ያው አንድ ነው፤ የተለያየው ሬጅስተሩ ነው።

ስለዚህ "ማስክ ይሻላል ወይስ ቢት-ፊልድ?" የሚለው ክርክር ከኮዱ መልክ ቢጀመር ሩቅ አያደርስም። ቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ "ይህን ሬጅስተር ከዚህ መስመር ሌላ ማን ይነካዋል?" የሚለው ነው። ኢንተረፕት ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ኮር (በዚያው ቺፕ ውስጥ ያለ ሌላ ፕሮሰሰር) ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ሃርድዌሩ ራሱ ነው። መልሱ ከታወቀ በኋላ ምርጫው ብዙም አያከራክርም።

እዚህ ያሉት የሬጅስተርና የትእዛዝ ስሞች ለንባብ እንዲመቹ በእኛ ፊደል ተጽፈዋል። ኮድ ስትጽፉ ዳታሺቱ (የቺፑ መግለጫ ሰነድ) ላይ ባለው ስም ተኩዋቸው። ከቁጥር ኋላ የምትመጣው "ዩ" ቁጥሩ ምልክት አልባ (አሉታዊ የማይሆን) መሆኑን ለኮምፓይለሩ የምትነግር ቅጥያ ናት።

የምናነጻጽራቸው አምስቱ መንገዶች እነዚህ ናቸው፦ በማስክ (የሚፈለጉትን ቢቶች ብቻ በሚመርጥ ቁጥር) አንብቦ፣ ቀይሮ፣ መልሶ መጻፍ፤ ቺፑ ራሱ የሚሰጣቸውን የ"አብራ" እና የ"አጥፋ" ሬጅስተሮች መጠቀም፤ በስትራክት ውስጥ ቢት-ፊልድ (የቢት ብዛቱ የተወሰነ ክፍል) መደርደር፤ ቢት-ባንዲንግ (ለእያንዳንዱ ቢት የራሱ አድራሻ መስጠት)፤ በመጨረሻም እንደ አርዱዊኖው ዲጂታልራይት ያለ የላይብረሪ ፈንክሽን መጥራት።

ማስክ፦ የትም ቺፕ ላይ የሚሠራው

አንድ ቢት 1 ለማድረግ |፣ 0 ለማድረግ & ከ~ ጋር፣ ለመገልበጥ ^፣ ለማየት ደግሞ & ብቻውን፦

ፖርትቢ |= (1 << 5);
ፖርትቢ &= ~(1 << 5);
ፖርትቢ ^= (1 << 5);
ፒንዲ & (1 << 2)

ፒንዲ የፖርት ዲ ፒኖች ሁኔታ የሚነበብበት ሬጅስተር ነው። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም መማሪያ ያስተምራል። ስህተቱ የሚበዛው አንድ ጉዳይ ከአንድ በላይ ቢት ሲይዝ ነው። የኤስቲኤም32ኤፍ103ን የፒን ማዋቀሪያ እንውሰድ። እያንዳንዱ ፒን 4 ቢት አለው፤ ታችኛዎቹ 2 ቢቶች ሞዱን፣ ላይኞቹ 2 ቢቶች የውጤቱን ዓይነት ይወስናሉ። ከ8 እስከ 15 ያሉት ፒኖች ሲአርኤች በሚባለው ሬጅስተር ውስጥ ስለሆኑ የ13ኛው ፒን ቦታ (13 − 8) × 4 = 20፣ ማለትም ከቢት 20 እስከ 23 ነው። ፒኑን በ2 ሜጋኸርዝ ፑሽ-ፑል (ወደ 3.3 ቮልትም ወደ ግራውንድም የሚነዳ) ውጤት ለማድረግ የሚያስፈልገው ዋጋ 0010 ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፈዋል፦

ሲአርኤች |= (2ዩ << 20);

ቺፑ ሲነሳ ግን እያንዳንዱ ፒን 0100 ይዞ ነው የሚነሳው፤ ተንሳፋፊ ግብዓት ማለት ነው። | የነበረውን 1 አያጠፋም። ስለዚህ 0100 ከ0010 ጋር ተደምሮ 0110 ይሆናል፤ ይህም ፑሽ-ፑል ሳይሆን ኦፕን-ድሬን፣ ማለትም ወደ ግራውንድ ብቻ የሚስብ ነው። የከፋው ነገር ብሉ ፒል በሚባለው ቦርድ ላይ ያለችው ኤልኢዲ መብራቷ ነው፤ የምትበራው ፒኑ ወደ ግራውንድ ሲስብ ስለሆነ ኦፕን-ድሬንም ይበቃታል። ስህተቱ ተደብቆ ይቆይና ያው መስመር ተቀድቶ ወደ ሌላ ፒን ሲሄድ፣ ፒኑ 3.3 ቮልት ሊያወጣ ሲፈለግ፣ ምንም አይወጣም። ከዚያ በኋላ ሽቦና ቦርድ ሲመረመር ይዋላል። ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ አራቱንም ቢቶች ማጽዳት፣ ከዚያ አዲሱን ዋጋ ማስገባት ነው፦

ሲአርኤች = (ሲአርኤች & ~(15ዩ << 20)) | (2ዩ << 20);

ይህንኑ በሁለት መስመር፣ አንዱ &= ሌላው |= አድርጎ መጻፍም ይቻላል፤ ነገር ግን በመካከል ፒኑ ለጥቂት ሳይክል 0000፣ ማለትም አናሎግ ግብዓት ይሆናል። ፒኑ ሞተር ወይም ሪሌይ የሚነዳ ከሆነ ያ መንሸራተት አያስፈልግም። ሬጅስተሩን አንድ ጊዜ አንብቦ አንድ ጊዜ መጻፍ ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የፖርቱን ክሎክ፣ ለፖርት ሲ ኤፒቢ2 ማብሪያ ሬጅስተር ላይ ቢት 4ን፣ ማብራት አይርሳ። ክሎክ ያላገኘ ፖርት የተጻፈበትን አይቀበልም፤ ስህተት መሆኑንም አይናገርም።

ማስክ ከተመረጠ ከሲ ቋንቋ ራሱ የሚመጡ አራት ወጥመዶች አሉ። እነዚህ በማንኛውም ቺፕ ላይ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የኦፕሬተር ቅደም ተከተል ነው። ፒንዲ & (1 << 2) == 0 ብትጽፉ ኮምፓይለሩ መጀመሪያ የሚሠራው == ነው። (1 << 2) ከ0 ጋር እኩል ስላልሆነ ውጤቱ 0፤ ፒንዲ & 0 ደግሞ ሁልጊዜ 0 ነው። ፒኑ ላይ የተገናኘው ቁልፍ ቢጫንም ባይጫንም ፕሮግራሙ አይሰማም። ይህ ቅደም ተከተል ከሲ ልደት ጀምሮ የኖረ ነው፤ ሲ የተወለደበት ቋንቋ && ስላልነበረው & የእሱንም ሥራ ይሠራ ነበር፣ ቦታውም ከ== በታች ሆኖ ቀረ። መፍትሔው ቅንፍ ነው፦ (ፒንዲ & (1 << 2)) == 0። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ማስጠንቀቂያዎቹ በሙሉ ሲበሩለት ይህን ይናገራል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ አጥፍቶ መሥራት ለማንም አይመከርም።

ሁለተኛው የ~ ጉዳይ ነው። ሀ ምልክት አልባ 8 ቢት ሆኖ 15 ይዟል እንበል። ~ሀ == 240 እውነት ይመስላል፤ ግን ሐሰት ነው። ሲ ከስሌቱ በፊት ሀን ወደ ኢንት (የሲ መደበኛ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) ያሳድገዋል፤ ስለዚህ ~ሀ ማለት −16 ነው። ንጽጽር ከመደረጉ በፊት ውጤቱን ወደ 8 ቢት መልሶ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የኢንት ስፋት ነው። ኤቪአር (የኡኖና የሜጋ ቺፖች ቤተሰብ) ላይ ኢንት 16 ቢት ነው። 1 << 15 ብላችሁ ውጤቱን ባለ 32 ቢት ተለዋዋጭ ውስጥ ብታስቀምጡ የምታገኙት አንድ ቢት ብቻ የበራበት ቁጥር አይደለም፤ ላይኞቹ 16 ቢቶችም አብረው በ1 ይሞላሉ፣ ምክንያቱም ቁጥሩ አሉታዊ ሆኖ ነው የተዘረጋው። 1 << 16 ደግሞ ከኢንቱ ውጪ ይወድቃል። 32 ቢት ኮርቴክስ (የኤስቲኤም32 ፕሮሰሰር) ላይ ያው ችግር 1 << 31 ላይ ይመጣል። ለኤቪአር ከ14ኛው ቢት በላይ "ዩኤል" (ምልክት አልባ 32 ቢት)፣ ለኮርቴክስ ሁልጊዜ "ዩ" መጨመር ልማድ ይሁን።

አራተኛው፣ & ለማለት && መጻፍ ነው። ፒንዲ && (1 << 2) የሚመልሰው "ከስምንቱ ፒኖች አንዱ እንኳ 1 ነው ወይ?" የሚለውን ነው። ሙከራ ላይ ሌሎቹ ፒኖች ሁሉ 0 ከሆኑ በትክክል የሚሠራ ይመስላል።

መሃል ላይ ኢንተረፕት ሲገባ

የማስክ ትልቁ ድክመት አንብቦ፣ ቀይሮ፣ መልሶ መጻፉ ነው። በሦስቱ መካከል ሌላ ሰው ሊገባ ይችላል።

የኡኖው አትሜጋ328ፒ ላይ ፖርትቢ ታችኛዎቹ 32 የአይ/ኦ አድራሻዎች ውስጥ ስላለ ኮምፓይለሩ ያችን መስመር ወደ አንድ ትእዛዝ፣ ወደ ኤስቢአይ፣ ይቀይራታል። 2 ባይት፣ 2 ሳይክል፤ በ16 ሜጋኸርዝ 125 ናኖሰከንድ። አንድ ትእዛዝ ስለሆነ ኢንተረፕት ሊከፍለው አይችልም። ይህ ግን በሦስት ሁኔታ ላይ የቆመ ነው፦ የሚነካው ቢት አንድ ብቻ ሲሆን፣ የቢቱ ቁጥር ኮምፓይል ሲደረግ የሚታወቅ ሲሆን፣ ኦፕቲማይዜሽንም (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያሳጥርበት ሥራ) ሲበራ። (1 << 5) | (1 << 4) ብላችሁ ሁለት ቢት በአንድ መስመር ብታበሩ ወደ ኢን፣ ኦአርአይ፣ አውት (አንብብ፣ ቀይር፣ ጻፍ) ይበተናል። ^= ለአንድ ቢትም ቢሆን ይበተናል። የፒኑ ቁጥር ተለዋዋጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይጨመርበታል፦ ኤቪአር ብዙ ቦታ በአንዴ የሚገፋ ሃርድዌር ስለሌለው 1 << ቁጥር ወደ ሉፕ ይቀየራል፣ የሚፈጀውም ጊዜ በቁጥሩ ልክ ይለያያል። እዚያ ላይ ስምንቱን ማስኮች የያዘ ባለ 8 ባይት ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ጊዜውን ቋሚ ያደርገዋል።

የሜጋው ፖርትኤል በአንጻሩ አድራሻው 267 ነው፤ ኤስቢአይ አይደርስበትም። ስለዚህ ኤልዲኤስ፣ ኦአርአይ፣ ኤስቲኤስ፦ 10 ባይት፣ 5 ሳይክል። አሁን ዋናው ፕሮግራም ቢት 0ን፣ የታይመር ኢንተረፕት ደግሞ ቢት 3ን ያበራሉ እንበል። ዋናው ፕሮግራም 0000 0000 አነበበ። ኢንተረፕቱ ገባ፤ ፖርቱን 0000 1000 አድርጎ ወጣ። ዋናው ፕሮግራም ቀድሞ ያነበበው ላይ ቢት 0ን ጨምሮ 0000 0001 ጻፈ። ቢት 3 ጠፋ። ኢንተረፕቱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ዋናው ፕሮግራምም እንደዚሁ፤ ውጤቱ ግን የተሳሳተ ነው።

አደጋ ያለበት ክፍተት 3 ሳይክል ያህል ነው። ታይመሩ በሰከንድ 1000 ጊዜ ቢመጣ፣ በሁለት ኢንተረፕቶች መካከል 16000 ሳይክል አለ፤ ስለዚህ መስመሩ በተሠራ ቁጥር የመጋጨት ዕድሉ 3 ከ16000 ነው። ዋናው ፕሮግራም ይህን በሰከንድ አንድ ጊዜ የሚያደርግ ከሆነ በአማካይ በየ1 ሰዓት ተኩሉ አንድ ጊዜ ይጋጫል ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ለ10 ደቂቃ ሞክሮ "ይሠራል" ያለ ሰው ተከላው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚጠራው ለዚህ ነው። "ቮላታይል" የሚለው ቃልም ከዚህ አያድንም፤ ኮምፓይለሩ ንባቡንና ጽሕፈቱን እንዳይዘል ይከለክላል እንጂ ሦስቱን ትእዛዝ አንድ አያደርግም።

መከላከያው የኢንተረፕቱን ሁኔታ ማስቀመጥ፣ ኢንተረፕትን ማጥፋት፣ ቢቱን መቀየር፣ የተቀመጠውን ሁኔታ መመለስ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ሥራው ሲያልቅ በጭፍን ኢንተረፕት ማብራት ሌላ ስህተት ይወልዳል፤ ፈንክሽኑ ኢንተረፕት ሆን ተብሎ ከጠፋበት ቦታ ተጠርቶ ከሆነ ሳይፈለግ ያበራዋል። ለኤቪአር የአቶሚክ ብሎክ ማክሮው "ሁኔታውን መልስ" ከሚለው አማራጭ ጋር ይህንኑ ይሠራል።

የአብራና የአጥፋ ሬጅስተሮች፦ ካሉ እነሱን

ቺፑ ይህን ካዘጋጀ ከማስክ ጋር መታገል አያስፈልግም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የምትጽፉት 1 "ይህን ቢት ቀይር" ማለት ሲሆን 0 ደግሞ "ተወው" ማለት ነው። ማንበብ የለም፣ ስለዚህ መሃል የሚገባ የለም።

ኤስቲኤም32 ላይ ቢኤስአርአር ይባላል። ታችኛዎቹ 16 ቢቶች ፒን ያበራሉ፣ ላይኞቹ 16 ያጠፋሉ፦

ቢኤስአርአር = 1ዩ << 13;
ቢኤስአርአር = 1ዩ << (13 + 16);

ምልክቱ = ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። |= ቢጻፍ ጉዳት የለውም፤ ሬጅስተሩ ሲነበብ 0 ነው የሚመልሰው። ግን ያለ ጥቅም አንድ ንባብ ይጨምራል፣ ልማዱ ወደ ሌላ ሬጅስተር ሲሸጋገር ደግሞ ጉዳት ያመጣል።

ይህ ሬጅስተር ያለው ትልቅ ጥቅም ከአንድ ፒን በላይ ሲሆን ይታያል። ከፒን 0 እስከ 7 ባለ 8 መስመር ዲስፕሌይ ተገናኝቷል፣ ከ8 እስከ 15 ያሉት ፒኖች ግን የሌላ ሥራ ናቸው እንበል። ዋጋው ከ0 እስከ 255 ከሆነ፦

ቢኤስአርአር = (255ዩ << 16) | ዋጋ;

ለአንድ ፒን አብራም አጥፋም ቢታዘዝ የሚያሸንፈው አብራ ነው። ስለዚህ ስምንቱም እንዲጠፉ ታዝዞ፣ ዋጋው ውስጥ 1 የሆኑት ይበራሉ፤ ስምንቱም መስመሮች በአንድ ጽሕፈት አብረው ይቀየራሉ፣ ሌሎቹ ስምንት ፒኖች አይነኩም። በማስክ ይህን ለመሥራት ማንበብም፣ ኢንተረፕት ማጥፋትም ይጠይቅ ነበር።

ኤፍ103 የመገልበጫ ሬጅስተር የለውም። ለመገልበጥ የፒኖቹን የአሁን ውጤት የያዘውን ኦዲአርን አንብቦ በቢኤስአርአር መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ሌሎች ፒኖች ደህና ናቸው፣ ያው ፒን ራሱ ከሁለት ቦታ ከተገለበጠ ግን አንዱ ሊጠፋ ይችላል።

አትሜጋ328ፒ መገልበጫ አለው፤ የሚገኘው ብዙ ሰው ለማንበብ ብቻ ነው ብሎ በሚያስበው ፒንቢ ላይ ነው። ፒንቢ = (1 << 5); ማለት 5ኛውን ፒን ብቻ ይገለብጣል። እንደ አትሜጋ8 ያሉ ቀደምት ቺፖች ይህ የላቸውም፤ ኮዱ ወደ እነሱ ሲሄድ ኤልኢዲዋ ዝም ትላለች። ኢኤስፒ32 ለአብራ አንድ፣ ለአጥፋ አንድ ሬጅስተር አለው።

ከሁሉም የተሟላው አርፒ2040 ነው። የፒን ውጤት የሚቆጣጠረው ክፍል የራሱ አብራ፣ አጥፋና ገልብጥ ሬጅስተሮች አሉት። የሌሎቹ ፔሪፈራሎች (በቺፑ ውስጥ ያሉ ረዳት ክፍሎች) ሬጅስተሮች ደግሞ በሦስት ተጨማሪ አድራሻ ይደገማሉ፦ በሄክስ 1000 ሲጨመር ይገለብጣል፣ 2000 ሲጨመር ያበራል፣ 3000 ሲጨመር ያጠፋል። ይህ ቺፕ ሁለት ኮር ስላለው ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። አንዱ ኮር ኢንተረፕቱን ቢያጠፋ ሌላውን ኮር አያቆመውም፤ ለኤቪአር ያልነው መከላከያ እዚህ ግማሽ መከላከያ ነው። ሁለቱም ኮሮች አንድ ሬጅስተር ላይ ከሠሩ |= መጠቀም የለባችሁም።

የምልክት ሬጅስተሮች፦ |= የሚከለከልበት ቦታ

ዳታሺቱ ላይ ከእያንዳንዱ ቢት በታች አጭር ምልክት አለ፦ የሚነበብና የሚጻፍ፣ 1 ሲጻፍበት የሚጠፋ፣ 0 ሲጻፍበት የሚጠፋ። ኮድ ከመጻፍ በፊት ያችን ምልክት ማየት ብዙ ቀን ያተርፋል።

ያው ኤፍ103 ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ። የውጭ ኢንተረፕት ፒአር ሬጅስተር 1 ሲጻፍበት ይጠፋል። ቢት 3 እና ቢት 7 ሁለቱም በርተው ሳለ ፒአር |= (1ዩ << 3); ብትጽፉ፣ የተነበበው ውስጥ 7ኛውም 1 ስለሆነ መልሳችሁ 1 ትጽፉበታላችሁ፤ ሁለቱም ይጠፋሉ። 7ኛው ኢንተረፕት እንዳልመጣ ይሆናል። ትክክሉ ፒአር = (1ዩ << 3); ነው።

የታይመሮቹ ኤስአር ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ 0 ሲጻፍበት ይጠፋል፣ 1 ምንም አያደርገውም። ኤስአር &= ~1ዩ; ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን በንባቡና በጽሕፈቱ መካከል ሃርድዌሩ ሌላ ምልክት ካበራ፣ ቀድሞ የተነበበው 0 ተመልሶ ይጻፍበትና ያጠፋዋል። እዚህ ኢንተረፕት ማጥፋት አያድንም፤ የገባው ሃርድዌሩ ነውና። ኤስአር = ~1ዩ; ብሎ በቀጥታ መጻፍ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

አትሜጋ328ፒ ላይ ቲአይኤፍአር1 |= አንድ ቢት ብሎ የጻፈ ሰው "ለእኔ ይሠራል" ሊል ይችላል፤ እውነቱን ነው። ሬጅስተሩ ኤስቢአይ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፣ በዚህ ቺፕ ላይ ደግሞ ኤስቢአይ የታዘዘውን ቢት ብቻ ይነካል። ሁለት ቢት በአንድ መስመር ሲጻፍ ወይም ኦፕቲማይዜሽን ሲጠፋ ግን ያ ጥበቃ የለም። = ጽፎ መገላገል ይሻላል።

ቢት-ፊልድ፦ ለራም እንጂ ለሃርድዌር አይሁን

በስትራክት ውስጥ ሞድ ለሚለው 2 ቢት፣ ለፍጥነት 2 ቢት ብሎ መደርደር ኮዱን እንደ ንግግር ያስነብበዋል። ማራኪነቱን አንክድም። ሬጅስተር ላይ ግን አንመርጠውም። ቢቶቹ ከየትኛው ጫፍ እንደሚደረደሩ የሲ ስታንዳርድ ለኮምፓይለሩ ትቶታል፤ ኮምፓይለር ሲቀየር ካርታው ሊገለበጥ ይችላል። ሦስት ፊልዶች በሦስት መስመር ሲሞሉ ሦስት ጊዜ ይነበባል፣ ሦስት ጊዜ ይጻፋል፤ በየመካከሉ ፔሪፈራሉ ግማሽ የተዋቀረ ነው። የምልክት ሬጅስተር ላይ ደግሞ ከላይ ያየነው የ|= አደጋ ሁሉ አለ፤ ያውም ከ= ጀርባ ተደብቆ።

በአውታር ወይም በሴንሰር የሚመጣ መረጃም በመግፋት ይፈታ። ኤምፒዩ-6050 የተባለው የእንቅስቃሴ ሴንሰር የፍጥነት ለውጥ ልኬቱን ባለ 16 ቢት ምልክት ያለው ቁጥር አድርጎ፣ ከፍተኛውን ባይት አስቀድሞ ይልካል። ከፍተኛውን ባይት መጀመሪያ ወደ ምልክት አልባ 16 ቢት ቀይሩት፣ 8 ጊዜ ወደ ግራ ግፉት፣ ዝቅተኛውን በ| ጨምሩ፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ወደ ምልክት ያለው 16 ቢት ለውጡ። የመጀመሪያው ቅየራ ከተዘለለ ባይቱ ወደ ኢንት ያድግና ኤቪአር ላይ ከ127 በላይ የሆነ ዋጋ ሲገፋ ከኢንቱ አቅም ያልፋል።

ቢት-ፊልድ የሚያምረው ራም ውስጥ፣ አንድ ክፍል ብቻ በሚነካው መዋቅር ላይ ነው። እዚያም ባለ 1 ቢት ፊልድ ምልክት አልባ ይሁን፤ ምልክት ያለው ከሆነ መያዝ የሚችለው 0 እና −1 ነው፣ ስለዚህ "እኩል ነው ከ1" የሚለው ጥያቄ መቼም እውነት አይሆንም።

ራም ለመቆጠብ ተብሎ ስምንት የአዎ/አይ ምልክቶችን በአንድ ባይት ማሸግ ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። 7 ባይት ራም ይተርፋል። ግን ኤቪአር ላይ አንዱን ምልክት ማብራት 6 ባይት ኮድ ይወስድ የነበረው 10 ባይት ይሆናል፣ ከአሥር ቦታ ከተቀየረ 40 ባይት ፍላሽ ሄደ ማለት ነው። ከዚያ በላይ፣ ራሱን የቻለ ባይት በአንድ ጽሕፈት ይቀየራል፤ የታሸገው ግን ከኢንተረፕት ጋር ይጋጫል። 328ፒ 2048 ባይት ራም አለው፤ ለስምንት ምልክቶች አይጨነቅም። ከኢንተረፕት ጋር የሚጋሩት ምልክቶች ካሉ ደግሞ ጂፒአይኦአር0 የሚባል ባዶ ሬጅስተር አለ፤ ምንም ሃርድዌር አይነዳም፣ ኤስቢአይ ይደርስበታል። ስምንት ምልክቶች፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ትእዛዝ የሚበሩና የሚጠፉ። የሚያውቀው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

ቢት-ባንዲንግ

ኮርቴክስ-ኤም3 እና ኤም4 ላይ ለእያንዳንዱ ቢት የራሱ ባለ 32 ቢት አድራሻ ሊሰጠው ይችላል። ለፔሪፈራል አድራሻው የሚገኘው በሄክስ 42000000 ላይ የባይቱን ርቀት ከሄክስ 40000000 በ32 አባዝቶ፣ የቢቱን ቁጥር በ4 አባዝቶ በመደመር ነው። እዚያ 1 ወይም 0 ሲጻፍ ያ ቢት ብቻ ይቀየራል፣ ኢንተረፕት አይከፍለውም። ኤፍ103 ላይ ይሠራል። ኤም7 ላይ ግን የለም፣ የኤም0 ኮርም አልያዘውም፤ ስለዚህ አዲስ ፕሮጀክት በእሱ ላይ ባትመሠርቱ ይሻላል። ፒአርን በመሰሉ ምልክት ሬጅስተሮች ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሁን፤ ሃርድዌሩ ከጀርባ ሙሉውን አንብቦ መልሶ ስለሚጽፍ ሌሎቹን ምልክቶች ያጠፋል።

የላይብረሪ ፈንክሽን

ዲጂታልራይት ዘገምተኛ ነው። የፒኑን ቁጥር ከሰንጠረዥ ይፈልጋል፣ ፒኑ ላይ ፒደብሊውኤም (ፒኑን በፍጥነት እያበራ የሚያጠፋ የታይመር ሥራ) በርቶ ከሆነ ያጠፋል፣ ኢንተረፕትን አጥፍቶ ይጽፋል፣ ከዚያ ሁኔታውን ይመልሳል፤ ኡኖ ላይ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። ግን ከላይ ያስጨነቀንን የግጭት ጉዳይ ፈትቶ ነው የሚሰጣችሁ። ሪሌይ፣ የሁኔታ መብራት፣ ጩኸት ማሰሚያ ከሆነ እሱው ይበቃል። ደብሊውኤስ2812 ኤልኢዲ ሲሆን ግን አንድ ቢት የሚላክበት ጊዜ 1.25 ማይክሮሰከንድ፣ ማለትም 20 ሳይክል ብቻ ነው፤ እዚያ ዲጂታልራይት አይደርስም፤ ቀጥታ ወደ ፖርቱ መጻፍ ይሻላል። የኤስቲኤም32 ሃል ላይብረሪ የፒን መጻፊያ ደግሞ ውስጡ ቢኤስአርአርን ነው የሚጠቀመው፤ የፍጥነት ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር የምትሸሹበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሲመረጥ

ቺፑ የአብራና የአጥፋ ሬጅስተር ካለው ለፒን ሥራ ሁልጊዜ እሱን። ምልክት ለማጥፋት = ብቻ፣ የዳታሺቱን ዓይነት አይቶ። ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ ኢንተረፕት ገና ሳይበራ የሚደረግ ማዋቀር ከሆነ ማስክ፤ ማንም መሃል አይገባም፣ አጽድቶ ማስገባት ብቻ አይረሳ። ፕሮግራሙ እየሮጠ ከኢንተረፕት ጋር የሚጋራ ሬጅስተር ከሆነና የአብራ/አጥፋ ሬጅስተር ከሌለ፣ ማስክ ከኢንተረፕት መከላከያ ጋር። ሁለት ኮር ካለ መከላከያው አይበቃም፤ በኮሮቹ መካከል መቆለፊያ ያስፈልጋል፣ ወይም ሬጅስተሩን ለአንዱ ኮር ብቻ መስጠት።

ከጻፋችሁ በኋላ ኮምፓይለሩ ምን እንዳወጣ ተመልከቱ። የኮምፓይለሩ ጥቅል ውስጥ ያለው ኦብጅደምፕ የተተረጎመውን ኮድ በትእዛዝ ደረጃ ያሳያል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኤቪአር ላይ አንድ ኤስቢአይ ካያችሁ ጨርሳችኋል። ኢን፣ ኦአርአይ፣ አውት ወይም ኤልዲኤስና ኤስቲኤስ ካያችሁ ያ ሬጅስተር ኢንተረፕት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ በፋይሎቹ ሁሉ ፈልጉ። ኮርቴክስ ላይ ኤልዲአር፣ ኦአርአር፣ ኤስቲአር ተከታትለው ከመጡ ያው ጥያቄ ነው፤ ኤስቲአር ብቻውን ከመጣ ግን ደህና ነው። ቦርድ ስትቀይሩ ደግሞ ፍተሻው ከመጀመሪያው ይደገም፤ የኡኖው 13 ቁጥር ፒን የፖርት ቢ 5ኛ ቢት ሲሆን የሜጋው 13 ቁጥር ፒን የፖርት ቢ 7ኛ ቢት ነው።